የግዴታ ምድብ በቡድን የተኩስ ጨዋታ፤ ከኦቨርዋች ታሪክ የተገኘ ትምህርት

በኢንተርኔት የሚካሄድ የተኩስ ጨዋታ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ርእስ አይደለም የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ደንብ ሥር ሲተዳደር የሚታየውን ጠባይ በዚህም ውስጥ ስላገኘነው ልንመረምረው ተነሥተናል። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም ለቡድኑ ሥርዐት ሲባል እያንዳንዱ ሰው ምድቡን አስቀድሞ መርጦ በዚያው እንዲጸና ማስገደድ ምን አስገኘ፥ ምንስ አሳጣ? የሚል ነው። ለምርመራውም ኦቨርዋች የተባለውን ጨዋታ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦቨርዋች ብሊዛርድ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በሜይ 2016 ወጣ። በጨዋታው ስድስት ስድስት ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። ተጫዋቹ የሚይዛቸው ጀግኖች በኋላ በሦስት ምድብ ተከፈሉ፤ ፊት ቆሞ ጥቃትን የሚቀበለው መካች (ታንክ)፥ ጠላትን የሚመታው አጥቂ (ዳሜጅ)፥ የቈሰለውን የሚያድነው ረዳት (ሰፖርት) ይባላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ማንም የወደደውን ጀግና ይይዝ፥ በውጊያው መካከልም ይለውጥ ነበር። ከዚህ ነጻነት ሁለት ችግር ተወለደ። አንደኛ፥ ብዙ ሰው ማጥቃትን ስለሚመርጥ አምስት አጥቂ ኖሮት አንድም ረዳት የሌለው ቡድን ይታይ፥ ጨዋታውም በክርክርና በስድብ ይጀመር ነበር። ሁለተኛ፥ ከ2018 ጀምሮ ጎትስ የተባለው የሦስት መካችና የሦስት ረዳት አሰላለፍ በታላላቆቹ ውድድሮች ነገሠ፤ አጥቂዎቹም ከሜዳው ጠፉ ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ ኩባንያው በ2019 ሮል ኪው የተባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት በያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሁለት መካች፥ ሁለት አጥቂና ሁለት ረዳት ብቻ ይኖራሉ፤ ሰው ሁሉ ምድቡን መርጦ በየምድቡ ተራ ይጠብቃል፤ ጨዋታው እስኪያልቅም ከዚያ አይወጣም። ደንቡ በጁላይ መጨረሻ በኦቨርዋች ሊግ፥ በኦገስት በሕዝቡ ዘንድ ለሙከራ፥ በሴፕቴምበር ደግሞ በቋሚነት ተሠራበት። ክርክሩን እንዳበረደ፥ የጎትስንም ዘመን እንደ ዘጋ አንክድም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳት የሰልፉ ርዝመት ነው። ለምሳሌ ያህል 120 ሰዎች በአንድ ጊዜ መጡ እንበል፤ 68ቱ ማጥቃትን፥ 32ቱ መርዳትን፥ 20ው መመከትን መረጡ። ለያንዳንዱ ቡድን ሁለት መካች የግድ ስለሆነ ከ10 ቡድን በላይ ሊቆም አይችልም። እንግዲህ 60 ሰዎች ሲጫወቱ 60ው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ከሚጠብቁትም 48ቱ አጥቂዎች ናቸው። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ግን 120ውም በ20 ቡድን ተከፍለው ወዲያው ይጀምሩ ነበር። ይህ ነገር ያልታሰበ ነበር ለማለት አይቻልም። ያው ኩባንያ ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት በተባለው ሌላ ጨዋታው በ2009 ሰዎችን በየምድባቸው የሚያሰባስብ መሣሪያ አውጥቶ ነበርና፤ በ2011ም ሰው ባነሰበት ምድብ ለሚሰለፍ ስጦታ መስጠት ግድ ሆኖበታል። በኦቨርዋችም እንደዚሁ ስጦታ ተሰጠ፤ የአጥቂዎቹ ሰልፍ ግን ረጅም እንደ ሆነ ቀረ።

ሁለተኛው ጉዳት ቡድኑ እንደ ሁኔታው ራሱን የመለወጥ ችሎታውን ማጣቱ ነው። ጠላት አንድ ጠባብ በር ዘግቶ ቢቆም፥ ቀድሞ አንዱ አጥቂ ለጥቂት ጊዜ መካች ሆኖ በሩን ያስከፍት ነበር። ዛሬ ይህ ክልክል ነው። እጁ ያልቀናለት አጥቂና ቦታውን ሊለውጠው የፈቀደ ረዳት በአንድ ቡድን ቢገናኙ እንኳ፥ ሁለቱ ተስማምተው መለዋወጥ አይችሉም። ደንቡ ጠበኞችን ሊያስታርቅ ወጥቶ የተስማሙትንም አሰረ።

ሦስተኛው፥ መሰልቸትን ያጠፋል የተባለው ደንብ አላጠፋውም። በ2019 መጨረሻ ኦሪሳና ሲግማ የተባሉት ሁለት ባለጋሻ መካቾች ባንድነት ተሰልፈው ጨዋታውን ያዙት። በማርች 2020 ኩባንያው አንዳንድ ጀግኖችን በየሳምንቱ የሚያግድ ሌላ ደንብ ጨመረ፤ ይህም በዚያው ዓመት ከሕዝቡ ውድድር ቀረ። አንዱን ደንብ ለመደገፍ ሌላ ደንብ ማስፈለጉ እዚህ ላይ ይታያል።

በኦክቶበር 2022 ኦቨርዋች 2 ሲወጣ ቡድኑ አምስት ሰው ሆነ፤ መካቹም አንድ ብቻ ቀረ። ደንቡ ለሰዎቹ ይመች ዘንድ እንደ መሻሻል ጨዋታው ራሱ ለደንቡ ተቈረጠ። ከላይ ባቀረብነው ምሳሌ ብናሰላው አሁን 80 ሰዎች ይጫወታሉ፥ 40ው ይጠብቃሉ፤ ሰልፉ በርግጥ አጥሯል። ነገር ግን እጥረቱ ከመካች ወደ ረዳት ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ የነበረውም የመመከት ሸክም ባንዱ ላይ ወደቀ።

ታዲያ ነጻነቱ ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም። በዲሴምበር 2024 የወጣው ማርቭል ራይቫልስ የግዴታ ምድብ ስለሌለው፥ ሁሉም አጥቂ ሊሆን የሚሻበት ቡድን በዚያ ዛሬም የሚያማርር ነገር ነው። በዚያው ወር ግን ኦቨርዋች ከያንዳንዱ ምድብ ቢያንስ አንድ፥ ቢበዛ ሦስት ሰው እንዲኖር የሚያዝ የስድስት ሰው ጨዋታ ሞከረ። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ወሰን ያበጃል፥ በወሰኑ መካከል ግን ሰዎቹ እንዲመካከሩ ይተዋቸዋል።

ባጭሩ፥ ደንቡ የቦታውን ቁጥር ወሰነ፤ በቦታው ሊቆም የሚወድ ሰው ግን በትእዛዝ አልተገኘም። ከዚህ የተለየ አሳብ ያለው አንባቢ ቢኖር መልሱን በሚቀጥለው ቁጥር ለማንበብ ደስ ይለናል።