ወደ ደብረ ሊባኖስ የተመለሰው የገድል መጽሐፍ

የቤተ መጻሕፍት ሥራ መሰብሰብና መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍን ከመዝገብ ፍቆ ማውጣትም ከሥራው አንዱ ነው። የየዩኒቨርሲቲው ዐቃብያነ መጻሕፍት በየጊዜው መደርደሪያውን እየመረመሩ ያረጀውን፣ እጥፍ የሆነውንና አንባቢ ያጣውን ለይተው ያወጣሉ። ይህ ቦታ እንዳይጠብና ገንዘብ በከንቱ እንዳይወጣ የሚደረግ ነው። ከዚህ የሚለይ ሌላ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ይኸውም መጽሐፉ ሳያረጅና ሳይናቅ፣ እንዲያውም የከበረ ሳለ፣ የሌላ ቤት ገንዘብ ሆኖ በመገኘቱ ወደ ባለቤቱ እንዲሄድ ሲወጣ ነው። ለዚህ በ2008 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የሆነው ነገር ምስክር ነው።

በአሜሪካ ርእሰ ከተማ በዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁሮች አሜሪካውያን ከተማሩባቸው ታላላቅ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የዩኒቨርሲቲው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ሐኪሙ ዶክተር አንድሬ ትዊድ የሰበሰቧቸውን ብዙ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በስጦታ ተቀበለ። ከእነዚህም በመዝገቡ 150 ቍጥር የተሰጠው በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ሲሆን ገድለ ጳውሎስንና ገድለ ሰራባሞንን የያዘ ነበር። ቅዱስ ሰራባሞን የኒቅዩስ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን በግብፅ በሰማዕትነት ያረፈ አባት ነው፤ ስንክሳርም በኅዳር 28 ያስበዋል።

ሊቃውንት መጻሕፍቱን በመረመሩ ጊዜ ይህ መጽሐፍ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ገንዘብ መሆኑ ታወቀ። ትምህርት ቤቱ በስጦታ አገኘሁት ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር። ነገር ግን ማንም የራሱ ያልሆነውን ቢሰጥ ተቀባዩ ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ መጽሐፉን ከስብስቡ አወጣ፤ መልእክተኞቹም እስከ ገዳሙ ድረስ ይዘውት መጥተው በ2008 ዓ.ም. ለመነኰሳቱ አስረከቡ።

መጽሐፉ የተመለሰበትን ቤት ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ይህ ገዳም በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኰሳቱና ዲያቆናቱ በመቶ እየተቈጠሩ ተገድለዋል። ይህን ያህል ሰውና ንብረት ላጣ ገዳም አንዲት መጽሐፍ መግባቷ የጠፋ ልጅ እንደ መመለሱ ነው።

ከዚህ አስቀድሞም በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የሚመስለው ነገር ተደርጎ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ መጻሕፍት ዘርፎ ወሰደ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት ይመለስላቸው ዘንድ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያና ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጻፉ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አስታወቁ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጣ ሁለት ክብረ ነገሥት ነበረውና አንዱን አስቀርቶ ሌላውን በ1865 ዓ.ም. መለሰ።

ሁለቱ አመላለሶች አንድ አይደሉም። ሙዚየሙ ከሁለት አንዱን በመስጠቱ የጐደለበት ነገር ጥቂት ነበር፤ የቀረውም ክብረ ነገሥት እንደ ቀረ ነው። ሃዋርድ ግን ያወጣው የተረፈውን ሳይሆን ከስብስቡ ከከበሩት አንዱን ነው። የተረፈን መስጠት ቸርነት ይባል ይሆናል፤ የሰውን ገንዘብ መመለስ ግን ፍርድን መጠበቅ ነው።

ከዚህ ታሪክ ካህናት ሊማሩት የሚገባ ጉዳይ አለ። መጽሐፍ በባዕድ አገር ባለቤቱን መጥራት የሚችለው ምልክት ሲኖረው ነው። አባቶች በመጽሐፉ ዳርና መጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስምና በሚሰርቀውና በሚፍቀው ላይ የሚወርደውን ግዝት ይጽፉ የነበረው በከንቱ አይደለም። ሌባም አስቀድሞ የሚፍቀው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ከመጽሐፉ ውጭ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የንብረት መዝገብና ፎቶግራፍ ነው። በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውና ከአሜሪካው የኮሌጅቪል ገዳም ጋር የተሠራው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል። ዛሬ አንድ መጽሐፍ በሩቅ አገር ቢገኝ፣ ቀድሞ የት እንደ ነበረ ያ ፎቶግራፍ ሊመሰክር ይችላል። መጻሕፍቱን ለመቍጠርና ለማስነሣት የዘገየ ደብር ግን በጠፋበት ቀን የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።

ተሳላሚም ድርሻ አለው። ከገዳም አጠገብ የብራና መጽሐፍ ለሽያጭ ሲቀርብለት ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ ይጠይቅ፤ የሚገዛ ከሌለ የሚሰርቅ ይቀንሳልና። መጽሐፍ የተመለሰለት ገዳምም ዕዳ አለበት፤ ከእሳት፣ ከዝናብና ከብል መጠበቅ፣ ሊማርበት ለሚመጣውም ገልጦ ማሳየት ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲው ከመደርደሪያው ያወጣው መጽሐፍ በገዳሙ ሣጥን ተቈልፎበት ቢረሳ፣ አንባቢው ሁለት ጊዜ ያጣዋል።