በኮን ደጋ ለታመመ ሕፃን ኦክስጅን መቼ ይጀመር? የአንድ መመሪያ ቁጥር በማስረጃ ሲመዘን

የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ድንገተኛ ክፍል ደርሶ፣ ጣቱ ላይ የተደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ (ኦክሲሜትር) 88 ከመቶ ቢያሳይ ተረኛዋ ነርስ ምን ትወስን? ይህ መጣጥፍ ውሳኔውን ለአንድ ቁጥር ብቻ መተው እንደማይገባ ይሞግታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ እስከ 2,500 ሜትር ከፍታ ለሚኖሩ ሕፃናት የደም ኦክስጅን ሙሌት ከ90 ከመቶ ሲያንስ፣ ከዚያ በላይ ለሚኖሩት ደግሞ 87 ከመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ኦክስጅን እንዲሰጥ ይላል። ደጋ ላይ የጤነኛ ሰው ሙሌትም ዝቅ ስለሚል፣ ዝቅ ያለው መነሻ ጥቂቱን ሲሊንደርና ኮንሰንትሬተር ይበልጥ ለሚያስፈልገው ለማዳረስ ይረዳል። የተመሠረተበት ማስረጃ ግን ጠንካራ አይደለም።

ደጋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክቶ አማካይ ሙሌታቸው 95.3 ከመቶ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህም በአንዲስና በቲቤት ደጋዎች ከታየው ከፍ ያለ ነው። በኋላ በሌሎች የአገራችን ደጋዎች የተወሰዱ ልኬቶች ዝቅ ያለ ሙሌት አሳይተዋል። ከ2002ቱ ተጠኚዎች ትንሹ ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ የትኛውም ውጤት የዋድላን ጨቅላ አይወክልም። ሆኖም የዚህ ሕፃን የጤንነት ሙሌት ከ90 በብዙ የሚበልጥ ከሆነ፣ 88 ትልቅ ማሽቆልቆል ነው።

መሣሪያውም የራሱ ጉድለት አለበት። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ከመቶ ሲያሳይ ትክክለኛው የደም ወሳጅ ሙሌት ከ88 በታች የነበረው ጥቁር ሕሙማን ላይ በ11.7 ከመቶ፣ ነጭ ሕሙማን ላይ በ3.6 ከመቶ ልኬቶች መሆኑን አሳይቷል። ተጠኚዎቹ አዋቂዎች ናቸው፤ የስሕተቱ አቅጣጫ ግን ሊያሳስበን ይገባል። መነሻው ዝቅ ሲደረግና መሣሪያው ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሁለቱም ሕፃኑን ከኦክስጅን ያርቁታል።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ልኬቱ የሚታመን መሆኑ ይረጋገጥ። በእናቱ ጀርባ ብርድ ላይ የመጣ ሕፃን ጣት ቀዝቃዛ ስለሚሆን ነርሷ በመዳፏ ታሙቀው፤ በመሣሪያው ላይ የሚታየው የልብ ምት ሞገድ ሳይረጋና የሚነበበው የልብ ምት በጆሮ ከተቆጠረው ሳይገጥም ቁጥሩ ካርድ ላይ አይጻፍ። ቀጥሎ ሕፃኑ ይታይ። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የሚያቃስት ወይም ጡት መጥባት ያቃተው ሕፃን 88 ወይም 89 ስላሳየ ብቻ ኦክስጅን አይከልከል። ራሱን የሳተ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ትንፋሽ በጽኑ ያጠረው ከሆነ የድርጅቱ መመሪያም ሙሌቱ ከ94 ሲያንስ ጀምሩ ይላል። በጋሸና በኩል ወደ ወልዲያ ሪፈር ሲባልም አምቡላንሱ ለመንገዱ የሚበቃ ኦክስጅን መያዙ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ዘላቂው መፍትሔ ግን እዚሁ መለካት ነው። አገራችን በ2016 እ.ኤ.አ. የኦክስጅንና የኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥታለች። በባንግላዴሽ የተሞከረው ባብል ሲፓፕ የተባለ የትንፋሽ መርጃም በ12 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተፈትኖ ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከውጭ የመጣ ማስረጃ አገር ውስጥ ሊፈተን እንደሚችል ይህ ምስክር ነው። በክትባት ቀን የጤነኛ ሕፃናትን ሙሌት በዕድሜና በቀበሌ ከፍታ ለይቶ መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ኦክሲሜትር፣ መዝገብና የወላጅ ፈቃድ ይበቃል። ይህ መዝገብ እስኪኖር ድረስ በ88 እና በ90 መካከል ያለ ጥርጣሬ ለሕፃኑ መድላት አለበት።