«ሲስተም የለም» ሲባል ምን ጠፍቶ ነው?

ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቆም «ሲስተም የለም» ይሉናል። እኛም ዝናብ እንደመጣ ሰው፣ ማንንም ሳንጠይቅ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። አንዳንዴ ምክንያቱ መብራት ነው፣ አንዳንዴ ኔትወርክ። ብዙም የማይወራለት ሦስተኛ ምክንያት ግን አለ፤ ሳይጣራ ያለፈ የኮንፊገሬሽን ፋይል።

ኮንፊገሬሽን ማለት ፕሮግራሙ ሳይቀየር እንዴት እንደሚሠራ የሚነገርበት ፋይል ነው። የቀበሌ ቅጽ አስቡ። ዕድሜ በሚለው ቦታ የእናታችሁን ስም ብትጽፉ ጸሐፊዋ ትመልስባችኋለች። በሶፍትዌር ዓለም ቅጹ «ስኪማ» ይባላል፤ የጸሐፊዋ ሥራ ደግሞ «ቫሊዴሽን»። ጸሐፊዋ በሌለችበት ምን እንደሚሆን ታሪክ ሦስት ጊዜ አሳይቶናል።

የመጀመሪያው መስከረም 12 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ነው። ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር ከዘጠኝ ወር ጉዞ በኋላ ልትደርስ ስትል ጠፋች። የመንኮራኩሯ ሞተሮች የሚሰጡት ግፊት በኒውተን እንዲመዘገብ በሰነድ ስምምነት ነበረ። የሎክሂድ ማርቲን ፕሮግራም ግን በእንግሊዞቹ ፓውንድ መዝግቦ ላከ። አንዱ የሌላውን 4.45 እጥፍ ያህል ነው። ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ፋይሉ ግን ከሰነዱ ጋር ሳይመሳከር አለፈ።

ሁለተኛው ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ኒውዮርክ ላይ ሆነ። ናይት ካፒታል የተባለው የአክሲዮን ድርጅት ለዓመታት ሲጠቀምበት ያልነበረን አንድ የድሮ ማብሪያ ለአዲስ ሥራ አዋለው። አዲሱ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ አንዱ ተረሳ። ገበያው ሲከፈት በዚያ በተረሳው ሰርቨር ላይ ማብሪያው የሞተውን ፕሮግራም ቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ። የሚያሳዝነው፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። ማስጠንቀቂያው መጥቷል፤ በሩን የዘጋ ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ቅርብ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ጥበቃ ድርጅት ለደንበኞቹ አነስተኛ ፋይል ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ወደቁ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቅጹ 21 ቦታ ነበረው፣ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው ግን 20 ብቻ። ለወራት 21ኛው ቦታ «ማንኛውም ነገር ይሁን» ተብሎ ስለተተወ ጉድለቱ አልታየም። የዚያን ቀን ግን ተሞልቶ መጣ። ማጣሪያ አልነበረም እንዳንል ነበረ፤ ነገር ግን እሱም 21 ይቀርባል ብሎ ያምን ነበር። ፋይሉ በ78 ደቂቃ ቢመለስም የወደቁት ማሽኖች ብዙዎቹ አንድ በአንድ በሰው እጅ መነሳት ነበረባቸው።

እንግዲህ ሦስቱን አስተያዩ። በመጀመሪያው ሕግ ነበረ፣ አመሳካሪ ጠፋ። በሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነበረ፣ አስቁሙ የሚል ጠፋ። በሦስተኛው ተቆጣጣሪ ነበረ፣ ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠር ጠፋ። ለእኔ ይህ የቴክኖሎጂ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የአስተዳደር ታሪክም ነው።

ልዩነቱ ከጥፋቱ በኋላ ያለው ነው። ናሳ የምርመራ ሪፖርቱን አወጣ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ናይት ካፒታልን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶ ስህተቱን በዝርዝር ጻፈ። ክራውድስትራይክ በሦስት ሳምንት ውስጥ የ20ና የ21ን ነገር ለሕዝብ ገለጠ፤ ኃላፊውም ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ዛሬ የማውቀው እነሱ ስለጻፉት ነው።

እኛም ገንዘባችንንና መታወቂያችንን ወደ ስልክ እያስገባን ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን «ሲስተም የለም» መልስ ሳይሆን የጥያቄ መጀመሪያ መሆን አለበት። ምን ተቀየረ? ማን አጣራው? ማጣሪያውንስ ማን ፈተነው? በማግስቱ ሲስተሙ ሲመለስ፣ ከሲስተሙ ጋር መልሱም ሊመጣልን ይገባል።