ዜና አሌክሳንደር ቶራዜ፣ የትብሊሲው ፒያኖ ተጫዋች

ስታሊን በክሬምሊን ተቀምጦ ሳለ፣ ሜይ 30 ቀን 1952፣ በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ አሌክሳንደር ቶራዜ ተወለደ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። ጆርጂያ ያልነውም በካውካስ ተራሮች ሥር ያለችውን፣ ስታሊን ራሱ የተወለደባትን አገር ነው እንጂ የአሜሪካውን ግዛት አይደለም። አባቱ ዳዊት ቶራዜ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ጎርዳ የተባለውን የባሌ ዳንስ ሙዚቃ የደረሰ እርሱ ነው። እናቱ ሊያና አሳቲያኒም በፊልም ስሟ የታወቀ ተዋናይ ነበረች። ወዳጆቹ ልጁን ሌክሶ ይሉታል።

ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው፣ ማርች 5 ቀን 1953፣ ስታሊን ሞተ። በዚያችው ቀን ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ በሞስኮ ሞተ። አገሩ ሁሉ ለአንዱ ደረቱን ሲደቃ ሌላውን የሸኙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ይህን ያለ ነገር አላነሣነውም፤ ኋላ የዚህ ሕፃን ስም ከፕሮኮፊየቭ ስም ጋር አብሮ ይጠራልና።

ሌክሶ በልጅነቱ ትብሊሲ ከሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዘጠኝ ዓመቱም ከኦርኬስትራ ጋር ተጫወተ። ጎልምሶ ወደ ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ሄደ። በዚያ መምህራኑ ያኮቭ ዛክ፣ ቦሪስ ዘምልያንስኪና ሌቭ ናውሞቭ ነበሩ። ዛክና ናውሞቭ ከታላቁ የፒያኖ መምህር ከሃይንሪክ ኖይሃውስ እጅ የተማሩ ናቸው፤ ፒያኖ ተጫዋችም በመምህሩ ትውልድ ይቆጠራል። እርሱ ግን የመምህራኑን ዜማ ብቻ አልሰማም፤ ከአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ የሚመጣውን ጃዝም ያዳምጥ ነበር። ባለሥልጣናቱ ይህን እንደማይወዱለት ያውቃል፤ ቢሆንም አልተወም።

በ1977 በቴክሳስ፣ በፎርት ዎርዝ ከተማ፣ የቫን ክላይበርን የፒያኖ ውድድር በተደረገ ጊዜ የብር ሜዳይ አገኘ። ወርቁን የደቡብ አፍሪካው ስቲቨን ደ ግሮት ወሰደ። ዳኞች በውድድር ቀን የሚመዝኑት የዚያን ሳምንት ጣት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዕድሜ የሚመዝን ዳኛ የለም። ቶራዜ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ መድረኮች ተፈላጊ ሆነ፤ ዳሩ ግን አልሰነበተም። በ1979 ማብቂያ የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ፤ በሁለቱ ኃያላን መካከል የነበረው የኪነ ጥበብ ልውውጥም ተቋረጠ። በመንግሥታት ጠብ የኮንሰርት መንገዱ ተዘጋበት።

በ1983 በኦገስት ወር ከሞስኮው የቦልሾይ ቲያትር ኦርኬስትራ ጋር ወደ ስፔን ወጣ። ማድሪድ በደረሰ ጊዜ ከባልደረቦቹ ተለይቶ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ገባ፤ ጥገኝነትም ጠየቀ። ዓመቱ ሳያልቅ አባቱ ዳዊት አረፈ። ያን ጊዜ ከሶቪየት የከዳ ሰው ተመልሶ ለቅሶ መድረስ አይሆንለትም ነበር። ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በታላላቅ ኦርኬስትራዎች ፊትም ተጫወተ።

በ1991 ሳውዝ ቤንድ በምትባል የኢንዲያና ከተማ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ፣ የፒያኖ መምህር ሆነ። ይህች ከተማ ስቱድቤከር የተባለው መኪና ይሠራባት የነበረች፣ ፋብሪካው በ1963 ከተዘጋ ወዲህም የቀዘቀዘች ናት። ለታላቅ አርቲስት የምትመች ቦታ አይደለችም የሚል ብዙ ነበር፤ ኒው ዮርክ እያለ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ? በዚያ ወራት ግን ሶቪየት ፈረሰች፤ ጆርጂያም በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች፤ በትብሊሲ መብራትም ዳቦም ጠፋ። ቶራዜም ከጆርጂያ፣ ከሩሲያና ከሌላም አገር ወጣት ተጫዋቾችን እያመጣ ሰበሰበ። ስብስቡም ቶራዜ ፒያኖ ስቱዲዮ ተባለ። ነገሩ ከክፍል ይልቅ ቤተ ሰብ ይመስል ነበር፤ አብረው ይለማመዳሉ፣ አብረው በማዕድ ይቀመጣሉ፣ እንደ ጆርጂያ ወግም በወይን ጠጅ ይመራረቃሉ። ወደ ውጭ ሲወጡም በአንድነት ወጡ፤ የአንዱን ደራሲ ሥራዎች ተካፍለው ለሰዓታት ያሰሙ ነበር። በአውሮፓ ፌስቲቫሎችም ተጋብዘው ይህንኑ አሳዩ። እኔ ከብሩ ሜዳይ ይህን አስበልጣለሁ።

አሁን ወደ ፕሮኮፊየቭ እንመለስ። ቶራዜ የፕሮኮፊየቭን አምስቱንም የፒያኖ ኮንቸርቶዎች፣ ማለት ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትባቸውን ድርሰቶች፣ ከኪሮቭ ኦርኬስትራ ጋር ፊሊፕስ ለተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ቀረጸ፤ መሪው ቫለሪ ገርጊየቭ ነበር፤ እርሱም በካውካስ ያደገ ነው። ሦስተኛው ኮንቸርቶ በ1921 በቺካጎ፣ ፕሮኮፊየቭ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ የተሰማ ነው። የቶራዜን ቅጂ ከሰባ ከሚበልጡ ቅጂዎች መርጠው አንደኛ ያሉት ተቺዎች ነበሩ።

በእኔ ዘንድ ግን ታሪኩ የከበደው ሁለተኛው ነው። ፕሮኮፊየቭ ማክሲሚልያን ሽሚትሆፍ የሚባል የትምህርት ቤት ወዳጅ ነበረው። ይህ ወጣት በ1913 ራሱን ገደለ፤ ከመሞቱ በፊትም ለወዳጁ ደብዳቤ ላከ። ኮንቸርቶው ለእርሱ መታሰቢያ ሆነ። በዚያው ዓመት በፓቭሎቭስክ ሲሰማ ከታዳሚው ብዙው ተቆጥቶ ወጣ። ኋላም በአብዮቱ ዘመን የጽሑፉ ቅጂ ተቃጠለ፤ ደራሲው በ1923 እንደገና ጻፈው። በመጀመሪያው ክፍል ኦርኬስትራው ዝም ሲል ፒያኖው ለብቻው ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ እጅን የሚያዝል ነው፤ ብዙ ተጫዋችም ጉልበቱን ሊያሳይበት ይሮጣል። ቶራዜ ግን ይህ ሙዚቃ የወዳጅ ለቅሶ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ስለዚህም ሌሎች በሚፈጥኑበት ይዘገያል፤ ድምፁንም እስኪጠፋ ድረስ ያሳንሰዋል። ይህን ከልክ ያለፈ ነው ብለው የነቀፉት ነበሩ። ነቀፋቸው ሐሰት አይደለም፤ በልኩ የሚጫወት ሰው አልነበረምና። ነገር ግን በልኩ የተጫወቱትን ቅጂዎች ሰምቼ የሽሚትሆፍን ሞት አላገኘሁባቸውም።

ዳግመኛም የሙዚቃ ደራሲውን የሾስታኮቪችን ሁለት የፒያኖ ኮንቸርቶዎች ከመሪው ከፓቮ ያርቪና ከፍራንክፈርት ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር ቀረጸ። በ2017 ከዩኒቨርሲቲው በጡረታ ወጣ፤ መጫወት ግን አልተወም።

ኤፕሪል 23 ቀን 2022 በዋሽንግተን ግዛት፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ ከከተማይቱ ኦርኬስትራ ጋር ሲጫወት ልቡ ደከመ። ሙዚቃውን ግን ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ወደ ሳውዝ ቤንድም ተመለሰ፤ ሜይ 11 ቀን በቤቱ አረፈ። ሰባ ዓመት ሊሞላው 19 ቀን ቀርቶት ነበር።