ከዕቃ ቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት

ከዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁትን ወንጌላት ሊቃውንት በካርቦን መርምረው፣ የብራናቸውን ዕድሜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጠውታል። ወንጌላቱ እዚህ የደረሱት ያለ አየር ማቀዝቀዣ ነው። አካባቢን መጠበቅ ከውጭ የመጣ ትምህርት ለሚመስለን ወራሾች፣ የገዳሙን ዕቃ ቤት አሠራር ማስታወሱ አይከፋም።

የብራና መጽሐፍ በአብዛኛው ከደጅ በሚገኝ ነገር ይሠራል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ብዕሩ ከመቃ፣ የሽፋኑ ገበታ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ነው። ቆዳው ሲፋቅ ቢቀደድ አይጣልም፤ ይሰፋና ቁም ጸሐፊው ስፌቱን እየዘለለ ይጽፍበታል። ባዶ በቀረው ገጽ የጉልት ስጦታና የገዳሙ ንብረት ዝርዝር ይሰፍርበታል። ካረጀ መጽሐፍ የተረፈ ቅጠል ለሌላው መጠበቂያ ይሆናል። ጥራዙም በሙጫ ሳይሆን በክር የተያያዘ ስለሆነ፣ ክሩ ሲበጠስ ፈትቶ እንደገና መስፋት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ከምድር እርጥበት ይርቃል፣ ነፋስም ያገኛል።

ይህን ስል ያለፈውን ማሞካሸቴ አይደለም። አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳ ይፈጃል፤ አይጥ፣ የጣሪያ ፍሳሽና እሳት የበሉትም ቀላል አይደለም። ቁጠባውን የወለደው ብራና ውድ መሆኑ ነበር።

ወረቀት ሲረክስ ያ ጥንቃቄ ላላ። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራው ርካሽ ወረቀት ከአሠራሩ አሲድ ያዘለ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ እየተበላ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ዛሬ ብራናውንም ወረቀቱንም ይዟል። የጥላሸት ቀለም ግን ብራናውን አይበላም፤ ስለዚህ ከአያት ጋዜጣ ይልቅ የቅድመ አያት ዳዊት ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም።

ዓለምም ዞሮ ወደ ዕቃ ቤቱ አሠራር መጥቷል። ታላላቅ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ሙቀትና እርጥበትን በማሽን እኩል ለማድረግ ለብዙ ዓመታት ኤሌክትሪክ ሲያፈሱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥገና አካላት በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ስብስብን ለመጠበቅ የአየር ማቀዝቀዣ የግድ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ፣ ለአየር ዝውውርና ለጥገና ቀላል ለሆነ ዘዴ ቦታ እንዲሰጥ አሳሰቡ። የዕቃ ቤት ጠባቂዎቻችን ቢያነቡት አዲስ ነገር አያገኙበትም ነበር።

የኃይሉ ጥያቄ በቅጂም በኩል ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከሚኒሶታው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ሥራ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። አሁን ተራው የዲጂታል ነው። ዲጂታሉ ቅጂ ብራናውን ከመገላበጥ ያድነዋል፤ ግን ኮምፒውተሩ ቀን ከሌሊት መብራት ይፈልጋል፣ ዲስኩም በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ይህም ብራናው የማያውቀው ወጪ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ዓመቱን ሙሉ ነፋሻ ከተማ ናት። እንግዲህ ለሚቀጥለው ቤተ መጻሕፍት ንድፍ ሲቀርብ፣ ከማቀዝቀዣው ዋጋ በፊት መስኮቱ ወዴት እንደሚዞርና ጥላ እንዳለው ቢጠየቅ መልካም ነው። የተገነጠለው የተማሪ መጽሐፍም ለቆሎ መጠቅለያ ከመሸጡ በፊት መርፌና ክር የሚይዝ ሠራተኛ ይቀጠርለት።