ለድኾች የሚቆም ተከላካይ ጠበቃ

በወንጀል ተከሶ ከዐውደ ፍርድ የቀረበ፣ ነገር ግን ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ የሌለው ሰው፣ በመንግሥት ወጪ ሕግ ዐዋቂ ተመድቦለት እንዲከራከርለት የተደነገገው ሥርዓት በአገራችን የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት ይባላል። ምክንያቱም ከወንጀል ክርክር ባሕርይ የሚመነጭ ነው፤ በአንድ ወገን መርማሪ ፖሊስና ሕግ የተማረ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ አደራጅተው፣ ምስክር ቈጥረው ሲቆሙ፣ በሌላው ወገን ብዙ ጊዜ የተከሰሰበትን አንቀጽ እንኳ አንብቦ መረዳት የማይችል ብቸኛ ሰው ይቆማልና፣ ዳኛው ምንም ያህል ርቱዕ ቢሆን ያልተነገረውን መከላከያ ሊሰማ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበለትንም ምስክር አጥርቶ ሊመዝን አይችልም።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ፍትሐ ነገሥት ዳኛ ፊት አይቶ ለባለጸጋ እንዳያደላ አጥብቆ ያዝዛል፤ በምዕራባውያንም ዘንድ ከ1253 እስከ 1303 እ.ኤ.አ. የኖረው የብሪታኒው ካህን ኢቮ፣ ለድኾች ያለ ዋጋ ይሟገት ስለ ነበር፣ የጠበቆች ቅዱስ ተብሎ ይከበራል። በአገራችን የቀድሞ ሙግትም፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በሚካሄደው ችሎት፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ለዘመዱ ወይም ለጎረቤቱ ቆሞ ይናገርለት ነበር፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ በቸርነትና በዝምድና ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ ዘመድ የሌለው ነዳይ፣ በሙግቱ ልማድ በማርና በበቅሎ ለመወራረድም ሀብት ያጠረው ምስኪን፣ መብቴ ነው ብሎ የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52፣ ተከሳሽ በራሱ ጥረት ወይም በራሱ ገንዘብ ጠበቃ ማግኘት ባይችል ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊመድብለት እንደሚገባ ደነገገ። የዚህን ቃል ክብደት ለመገመት የዚያን ዘመን ዓለም ማሰብ ይጠቅማል። ፍሎሪዳ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ክላረንስ ኧርል ጊዲየን የተባለ ድኻ የቢሊያርድ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ በ1961 እ.ኤ.አ. ሲከሰስ፣ ጠበቃ ይመደብልኝ ብሎ ቢያመለክት፣ የግዛቱ ሕግ ይህን የሚፈቅደው ሞት ለሚያስፈርድ ክስ ብቻ ነው ተብሎ ተከልክሎ 5 ዓመት ተፈረደበት፤ እርሱም ከወህኒ ቤት ሆኖ በእርሳስ ጽፎ ባቀረበው አቤቱታ መነሻነት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 1963 እ.ኤ.አ. ከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ሁሉ ግዛቶች ጠበቃ ሊያቆሙ ይገባል ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ነገሩም ጠበቃ ቆሞለት እንደ ገና በታየ ጊዜ ጊዲየን ነጻ ተለቀቀ። የእኛ አንቀጽ ከዚህ ፍርድ ከ7 ዓመት በላይ ይቀድማል፤ ይሁን እንጂ ቃሉን በየዕለቱ የሚፈጽም መሥሪያ ቤትና በጀት አብሮት ስላልተተከለ፣ የጽሑፉ ቀዳሚነት ለብዙው እስረኛ አልደረሰለትም።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ የተቋቋመው አገልግሎት ታሪኩ ከደርግ ባለሥልጣኖች ክስ ጋር የተያያዘ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በተከፈተውና 12 ዓመት በፈጀው በዚያ ታላቅ ችሎት፣ በዘር ማጥፋት የተከሰሱትና አቅም ያጡት ሁሉ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ቆሞላቸዋል። ብዙዎቹን ተከሳሾች ሕዝቡ የሚያውቃቸው በግፋቸው ነበርና፣ ለእነርሱ ተከላካይ ማቆም ለሟች ቤተሰቦች መራራ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን ጥፋተኛነቱ አስቀድሞ የተነገረበት ሰው በሙሉ ክርክር ካልተረታ፣ ፍርዱ በቀል እንጂ ፍትሕ ተብሎ በታሪክ ሊጻፍ አይችልም ነበር።

አሁን የሚሠራበት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ እንዲወከል፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን ደግሞ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ያዝዛል። በፌዴራል ደረጃ ሥራው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር በተደራጀው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ይከናወናል፤ ዳኛው ክሱን ሲያሰማ ተከሳሹን ጠበቃ እንዳለው ይጠይቃል፣ አቅም እንደሌለውም ሲረዳ ጽሕፈት ቤቱ እንዲመድብለት ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጓል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም በዚሁ መንገድ ያገለግላሉ።

የሥርዓቱ ታላቅ ጉድለት ግን ጠበቃው የሚደርስበት ጊዜ ነው። ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት የተጻፈው ስለ ተከሰሱ ሰዎች በሚናገረው በአንቀጽ 20 እንጂ፣ ስለ ተያዙ ሰዎች በሚናገረው በአንቀጽ 19 አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 61 የተያዘ ሰው ጠበቃውን ወዲያው እንዲያነጋግር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጠበቃ ለሌለው ሰው ይህ ፈቃድ ምን ይረባዋል? በዚህ መካከል ፖሊስ በየጊዜ ቀጠሮው ፍርድ ቤቱን እያስፈቀደ እስከ 14 ቀን ምርመራውን ያራዝማል፤ ድኻውም ዝም የማለት መብት እንዳለው በቅጡ ሳያውቅ ቃሉን ይሰጣል፤ አንዳንዴም በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 መሠረት በፍርድ ቤት የእምነት ቃሉ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ የሚመደበው ጠበቃ መዝገቡን ተዘግቶ፣ ደንበኛውንም በቃሉ ታስሮ ያገኘዋል፤ ብዙ መዝገብ በእጁ ስላለም አንዳንዴ በችሎቱ ደጃፍ ላይ ጥቂት ከማነጋገር በቀር ጊዜ አያገኝም። ይህ የጠበቃው ስንፍና ሳይሆን የድልድሉ ጉድለት ነው፤ መንግሥት ለዐቃቤ ሕግ የሚሰጠውን ያህል የሰው ኀይልና ጊዜ ለተከላካዩም እስካልሰጠ ድረስ፣ የመመደቡም ሰዓት ከክስ ወደ መያዝ እስካልቀደመ ድረስ፣ አንቀጽ 20 ከግማሽ በላይ አይፈጸምም።

ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ የተያዘበት አንባቢም ይህን ይወቅ፦ አቅም የሌለው እስረኛ በመጀመሪያው የጊዜ ቀጠሮ ቀን ለዳኛው ጠበቃ እንደሌለው ይናገር፣ ማመልከቱም በመዝገቡ እንዲሰፍርለት ይጠይቅ፤ ክሱም በተነበበለት ቀን ጥያቄውን ይድገመው።