የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር

የአውሮፓ ክለቦች ማኅበር የአህጉሪቱን ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ክለቦች በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) እና በፊፋ ፊት የሚወክል ድርጅት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ጽሕፈት ቤቱ በስዊዘርላንድ ኒዮን ይገኛል። በ2025 ስሙን «የአውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች» ብሎ ቀይሯል።

አመሠራረት። በዩኤፋና በፊፋ ጉባኤዎች ድምፅ የሚሰጡት ብሔራዊ ፌዴሬሽኖች ናቸው፤ የተጫዋቹን ደመወዝ የሚከፍለው ክለብ ግን ድምፅ የለውም። ይህን ለመለወጥ ታላላቅ ክለቦች በ2000 ጂ-14 የተባለ ኅብረት አቋቋሙ። በ2004 የቤልጂየሙ ሻርለርዋ ተጫዋች አብደልማጂድ ኡልመርስ ለሞሮኮ ሲሰለፍ ተጎዳ፤ ክለቡም ካሳ ጠይቆ በጂ-14 ድጋፍ ፊፋን ከሰሰ። ክርክሩ በ2008 በስምምነት ተቋጨ፤ ክሱ ተነሣ፣ ጂ-14 ፈረሰ፣ ትናንሽ ክለቦችንም ያቀፈው ማኅበር ተተካ።

ውጤቶች። ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሚለቁ ክለቦች ከውድድሩ ገቢ ይካፈላሉ፤ ከ2022 የዓለም ዋንጫ 209 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦላቸዋል። ማኅበሩ በዩኤፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ውስጥም መቀመጫ አግኝቷል።

አመራር። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ካርል ሃይንዝ ሩመኒገ (2008–2017) ሲሆን አንድሪያ አኜሊ ተከተለው። በሚያዝያ 2021 አሥራ ሁለት ክለቦች ከማኅበሩ ወጥተው ሱፐር ሊግ የተባለ የራሳቸውን ውድድር ለመመሥረት ሲነሡ ከእነርሱ ጋር የተሰለፈው አኜሊ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ናስር አል ኸለይፊ ተተካ። ከወጡት ዘጠኙ በዚያው ዓመት ተመለሱ።

ፋይዳ። የማኅበሩ ታሪክ የክለቦች ድምፅ በፍርድ ቤት ግፊትና በድርድር እንደተገኘ ያሳያል። ዘላቂነቱ ግን ሀብታሞቹ ከትናንሾቹ ጋር ድርሻቸውን በፍትሕ በመካፈላቸው ላይ ይመሠረታል።